የድንኳኑ ውስጠኛ ገጽ

ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴና ሁለት እህቶቿ። የእድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ ሻምበል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩት ጴንጤዎቹ ባልና ሚስት። ከጎሮ በኩል በእግራቸው የመጡ ስድስት ወይ ሰባት የሟች ዘመዶች። እኔ። ልጄ። ከሁሉም በኋላ ደግሞ ሟቹን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሰላም ብሎት የማያውቅ፣ የግቢዬን ሰርቪስ ቤት የተከራየ ሠዓሊ፣ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር። ሠዓሊ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው።

ባሌ አልነበረም። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብ መስመር ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ገርጂ ነው። ከወሎ የመጣሁት ተድሬ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የዱቄት ከረጢት፣ የቀበሌ ማስታወቂያ። ያልተነበበ ወረቀት ያስፈራኛል። ባል መንገድ ላይ የሚውልባት ሴት የማትፈራው ነገር የለም።

በዚህ ፍርሃቴ ምክንያት ነው እድሩ ንብረት ያዥ ያደረገኝ። ዕቃ ቤቱ በግቢዬ ጥግ ነበር። ብረት ድስቶቹ፣ ሳህኖቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ አዲሱ ድንኳንና አሮጌው ድንኳን በእኔ እጅ ነበሩ። በየወሩ ካስማ እቆጥራለሁ፣ ገመድ እቆጥራለሁ፣ የጎደለ ኩባያ ካለ የወሰደው ቤት ድረስ ሄጄ አመጣለሁ። ቁልፉ አንገቴ ላይ በክር ነበር። ሌላው ቁልፍ የት እንዳለ የምታውቀው ልጄ ብቻ ነበረች።

ልጄ ማትሪክ ወስዳ ነበር። ውጤቷ ዩኒቨርሲቲ አላስገባትም፤ ግን የእጅ ጽሑፏ የታተመ ይመስላል፣ የእድሩን መዝገብ የምትጽፈውም እሷ ነበረች። የባሌ ዘመድ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጸሐፊነት ቦታ አገኘላት። ከክረምቱ በኋላ ልትጀምር ቀኑ ተቆርጦ ነበር። ከዓለም የፈለግኩት ይህን ብቻ ነው፤ ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከጣሪያ በታች፣ የምትገባበትና የምትወጣበት ሰዓት ታውቆ እንድትኖር።

ሠዓሊው የመጣው በዚያው ዓመት በግንቦት ነው። ሩሲያ ተምሮ መጣ አሉኝ። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እስላለሁ። እጽፋለሁም።»

«ምን ይጽፋሉ?»

«ገና ነው እትዬ። መንገዴን እየፈለግኩ ነው።»

ጸጉሩ የሳሳ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። የቤቴን መንገድ ግን ሳይጠፋው ነው የመጣው።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ተማሪዎች ይመላለሱበት ጀመር። አንዱ ጎፈሬውን አበጥሮ የማያውቅ ልጅ፣ አንዷ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ልጅ ናት። ልጄም የእድሩን መዝገብ ስትጽፍ ሠዓሊው አይቶ፣ «ይህ እጅ ለመዝገብ አይደለም» አላት። ለመዝገብ ካልሆነ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷ ግን በማግስቱ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነበረች። በሩ እንዳይዘጋ ብዬ ፈቀድኩ፤ እኔም ምስሬን ይዤ ፊት ለፊት እየለቀምኩ እቀመጥ ነበር። ስለዚህ የማወራው ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ በግራ እጅ መሳል ነበር። ቀኝ እጅ ብዙ ስለለመደ ይዋሻል አላቸው። ሦስቱም በግራ እጃቸው ፈረስ ሳሉ፤ ሦስቱም ፈረሶች የታመመ ወንበር መሰሉ። እሱም በእያንዳንዱ ፊት ቆሞ አገጩን እየዳበሰ፣ «እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» አለ። እኔም አየሁ። ምንም አልነበረም።

ቀጥሎ ጋዜጣ ነው። ቃላቱን በመቀስ ቆራርጠው ባርኔጣ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እያወጡ ወረቀት ላይ ይለጥፋሉ። የወጣው ይነበባል። «ሚኒስትሩ በጤፍ ተሸፍኖ ዝናቡን አጸደቀ» የሚል ወጣ። ጎፈሬው በደስታ ጭኑን መታ። እቁብ ሲወጣ እንኳ አንድ ሰው ይደርሰዋል፤ ከዚህ ዕጣ ማን ምን እንደደረሰው እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ጭቃ ሆነ። የገርጂን ጭቃ ከሙጫ ጋር ለውሶ ጣውላ ላይ ቀባና «ክረምት» አለው። እኔ ያን ጭቃ ስንት ክረምት ሙሉ ከጫማ ላይ በቢላ ስፍቅ ኖሬያለሁ፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያደነቀኝ ሰው የለም። ሌላ ቀን ደግሞ ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ ድረስ እጅ ሳያነሱ መጻፍ ነው ተባለ። ማንቆርቆሪያው የእኔ ነበር። ፈልቶ፣ ውሃው አልቆ፣ ቂጡ እስኪቀልጥ ጻፉ። ስጮህባቸው ሠዓሊው፣ «ሙከራ ነው እትዬ» አለኝ።

«ለሰው በሚቀርብ ነገር ላይ ሙከራ የለም» አልኩት። «እኔ ለእንግዳ ወጥ ስሠራ ጨው ይሁን ስኳር ብዬ አልሞክርም።»

«ሞክረው ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ እየሳቀ።

«ባሌ ይፈታኝ ነበር፤ እርስዎም ከኔ ቤት እየለመኑ አይበሉም ነበር።»

ልጄ በሳቅ ተንከተከተች። ያኔ ከኔ ጋር ነው የሳቀችው ብዬ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ልጄ አንድ ደብተር ገዝታ ከእጇ አትለይም አለች። እኔ ስናገር ትጽፋለች። ምጣድ ስር እሳት ቀንሺ ስላት ትጽፋለች፤ ቡልቡላ የሚኖሩት ዘመዶቻችን ዘንድ ስልካት፣ በየት በኩል እንደምትሄድ ስነግራት ትጽፋለች። ቢሮ የሚነገረውን ፈጥና ለመያዝ እየተለማመደች መሰለኝ። አለቃ ሲናገር ጸሐፊ ትጽፋለች፤ ይህን አውቃለሁ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ፣ እንዲቀላት ብዬ ቀስ እያልኩ እናገርላት ነበር።

«ፈጠንኩብሽ?» እላታለሁ።

«አይ እማ፣ እንደልማድሽ ተናገሪ።»

ለካስ ሠዓሊው አዲስ ሙከራ ሰጥቷቸዋል። «ከራሳችሁ ምንም አትጨምሩ፤ ቤት ውስጥ የምትሰሙትን እንዳለ ጻፉ።» ከሙከራዎቹ ሁሉ ቀላሉ ይሄ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ሰው ነውና።

በዚያው ሰሞን ልጄ፣ «ዕቃ ቤቱን ላጽዳልሽ፤ የድንኳኑ ብረቶች ዝገዋል፣ ቀለም እንቀባቸው» አለችኝ። መረቅኳት። ለጎረቤትም አወራሁ። ወደ ሁለት ሳምንት አራቱም ዕቃ ቤት ውስጥ ዋሉ፤ የቀለም ሽታ ግቢውን ሞላው። ሲጨርሱ ገብቼ አየሁ። ብረቶቹ አረንጓዴ ተቀብተዋል። አሮጌው ድንኳን በቦታው ታጥፎ ተቀምጧል። ካስማ ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው። ገመድ ቆጠርኩ፤ ሙሉ ነው። ድንኳኑን ግን አልዘረጋሁትም፤ ማን የታጠፈ ድንኳን ይዘረጋል? እነሱም ያደረጉትን ያደረጉት ማንም አይዘረጋውም ብለው ነው። አዲሱ ከተገዛ ወዲህ አሮጌው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ደግሞም ሲያዩት ከውጭ ያው አመድማው ሸራ ነው። የጻፉት በውስጡ በኩል ነው።

አንድ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው ሊሞትበት እንደሚችል አራት ሆነው አላሰቡትም። መጽሐፍ ያነበቡ ናቸው። እኔ አራተኛ ክፍል የተውኩት ሁልጊዜ የማስበው ይህንኑ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከታችኛው መንደር አንዲት አሮጊት ሞቱ፤ አዲሱ ድንኳን ወጣ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ጥሩምባው እንደገና ተነፋ። የጎረቤቴ ባል ነው፤ ጥበቃ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ደግ ሰው። ልጄ ዘመዶቻችን ጋ ቡልቡላ አድራ ነበር፤ ሻምበል ሰው ይዘው መጥተው አሮጌውን ድንኳን ሲያወጡ አልነበረችም። ወንዶቹ በዝናብ ውስጥ ተከሉት። እኔ ኩባያ በሰፌድ ይዤ ስገባ ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ ያያል። የሚያፈስ መስሎኝ እኔም ቀና አልኩ።

ከምሰሶ እስከ ምሰሶ፣ ከጣሪያ እስከ ታች፣ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። የልጄ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሥዕል የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈበት፣

«በሩን ዘጋሽ? ሂጂና እዪው። እንደገና እዪው።»

የሚል ነው። ቀጥሎ፣ «ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ አትቀመጪ።» ቀጥሎ፣ «ነጭ ጋዙን ከእሳት አርቂ፣ ስንቴ ልንገርሽ።» ቀጥሎ፣ «የመኪና ድምፅ ነው? አባትሽ ነው? አይደለም።» ቀጥሎ፣ «ስትስቂ አፍሽን ያዢ፤ ሰው ያይሻል።» ቀጥሎ፣ «ምሳ ሳትበዪ እንዳትወጪ።» ቀስ ብዬ ስለማነብ፣ የኔ ቃል መሆኑን ያወቅኩት አራተኛው ላይ ስደርስ ነው። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ኩባያ እንዳይሰበር ነው።

ጴንጤዋ ሚስት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ሻምበል መነጽራቸውን አወጡ፤ አንድ ሙሉ ጎን አንብበው ሲጨርሱ፣

«ይህን መመሪያ ያወጣው ማነው?» አሉ።

ጥሩምባ ነፊው ወደ እኔ ዞሮ፣ «እትዬ፣ በሩን ዘጋሽ ይላል። ድንኳን በር አለው እንዴ?» አለ።

ከጎሮ የመጡት ዘመዶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሬሳው ገና ከቤት አልወጣም። በሌላ ሰው ልቅሶ ላይ የሚስቅ ሰው ነገ በራሱ ልቅሶ ላይ ማን እንዲያለቅስለት ይፈልጋል? እንዲህ ያሉትን ነው እንግዲህ ሠዓሊው «ሕዝቡ» እያለ የሚጠራቸው።

ልጄ ከቡልቡላ የደረሰችው ያኔ ነው፤ ከኋላዋ ሠዓሊውና ተማሪዎቹ ገቡ። እሷ ፊቷ አመድ መሰለ። እሱ ግን ቀና ብሎ አይቶ ፈገግ አለ! ሐዘንተኞቹን አልፎ ወደ እኔ መጣና፣

«እትዬ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ድርሰት ነው። እኛ ጻፍነው እንጂ ደራሲዋ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

«እኔ የተናገርኩት ለልጄ ነው። ለለቀስተኛ አልተናገርኩም» አልኩት።

«እማ» አለች ልጄ፣ «ላሾፍብሽ አይደለም። አልቀየርኩትም፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እኔ ያደግኩት በዚህ ስር ነው።»

ልጄ ያደገችው በቆርቆሮ ስር ነው። አባቷ አሰብ ወርዶ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ነድቶ ባመጣው ቆርቆሮ። ይህንንም እዚያው ነገርኳት፤ ሰው ሁሉ ሰማ።

በዚህ መሃል ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ብድግ ብላ ወደ አንዱ ጎን ሄደች። ማንበብ አትችልም፤ እህቷን ምን እንደሚል ጠየቀቻት። እህቷ «ምሳ ሳትበዪ እንዳትወጪ» ብላ አነበበችላት። ሸራውን በመዳፏ ነካችው፤ «እኔም እለው ነበር፤ ዘንድሮ ግን አንድም ቀን ሰምቶኝ አያውቅ» ብላ ከማለዳ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሠዓሊው ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ «አያችሁ?» አለ።

ምን ያያሉ? ሐዘንተኛ በምንም ያለቅሳል። የሟች ጫማ ቢያሳዩአት ታለቅስ ነበር፤ የሟችን ጫማ የሠራው ጫማ ሠሪ ግን መጥቶ «አያችሁ?» አይልም።

ሌላ ድንኳን ስላልነበረ ያው ድንኳን ሦስት ቀን ቆመ። ሦስት ቀን በራሴ ቃል ስር ንፍሮ አቀረብኩ። ከቦሌ መድኃኔዓለም በኩል ሳይቀር ሟቹን የማያውቁ ሰዎች ሊያዩ መጡ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ይሉና ጥግ ይዘው ያነባሉ። አንዳንዱ እያነበበ በአንገቱ ወደ እኔ ያመለክታል። ድንኳኑ ሲነሳ እድሩ ተሰበሰበ። ሻምበል ረጅም ንግግር አደረጉ፤ የጦር ሜዳ ድንኳን እንዴት እንደሚጠበቅ አስተማሩን። እሳቸው አሮጌውን ድንኳን ራሳቸው ሲያወጡ ለምን ዘርግተው እንዳላዩት አልተናገሩም። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቴ አስወለቁኝ። ያን ያህል ዓመት አንድ ማንኪያ ያላጠፋሁትን ሰው።

ሠዓሊውን በዚያው ቀን ቤቱን እንዲለቅ ነገርኩት። ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ዘርግቼ በሳሙና አሸሁ፤ አልለቀቀም። በበረኪና አሸሁ፤ አልለቀቀም። በነጭ ጋዝ አሸሁት። ልጄ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«እማ፣ አንዱን ጎን ብቻ ተይልኝ» አለችኝ።

«የማን ንብረት መሰለሽ?»

«እድሩ ጥሎታል እኮ። ሻምበል ራሳቸው አንፈልገውም ብለዋል።»

«እንግዲያው የኔ ነው። የኔን ቃል ደግሞ ሰው አያነበውም።»

«ያነበቡትስ? የተናደድሽው ስለሳቁ ነው ወይስ እውነት ስለሆነ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ እናት የለችም፤ መጠየቁንም ከዚያ ሰውዬ ነው የተማረችው። ማሸቴን ቀጠልኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊደሉ አልጠፋም፤ ተጨማለቀ፣ ድንኳኑም ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። ሲመሻሽ ጠቅልዬ ከግቢ አወጣሁት። እሷ እስከመጨረሻው እዚያው ደረጃ ላይ ነበረች። ደብተሯ ጭኗ ላይ ነበር፤ ምንም አልጻፈችበትም። ሥራ የምትጀምረው በሚቀጥለው ሰኞ ስለነበር ነገሩን ሥራ ያስረሳታል አልኩ።

ሰኞ የተኮስኩላትን ጉርድ ለብሳ፣ ቁርሷን በልታ ወጣች። አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት። ታክሲ ውስጥ መሃል ስትቀመጥ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ከቀትር በኋላ የባሌ ዘመድ መጥቶ፣ «ልጅቷ ምነው ቀረች?» አለኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ከድሬዳዋ። ከሠዓሊውና ከተማሪዎቹ ጋር እንደሆነች፣ ልጆች ሥዕል እንደሚያስተምሩ፣ ደህና እንደሆነች ጽፋለች። «አታስቢ» ይላል። ልጅ ወልዳ የማታውቅ ብቻ ናት ይህን ቃል የምትጽፈው። ባሌ በዚያ መስመር ጭነት ለምኖ ወስዶ ድሬዳዋን ሁለት ቀን በእግሩ ዞረ፤ ከዚያም ሄደዋል አሉት። በዓመቱ ከሐረር ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ አጭር ነው። ከዚያ በኋላ የለም።

ሠዓሊውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሦስት ዓመት አልፎ ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አዲስ የተከፈተ ሬስቶራንት በር ላይ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። ሻርፑ የለም፤ ወፍሯል። በቀኝ እጁ፣ በቀጥታ መስመር፣ ማንም በሚያነበው ፊደል «ክትፎ፣ ጥብስ፣ ቀዝቃዛ መጠጥ» እያለ ይጽፍ ነበር። ሙከራው እዚህ ደረሰ። መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። ጎትቼ ልጥለው አስቤ ነበር፤ እንዳይወድቅ ይዤው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ልጄስ?» አልኩት።

ወርዶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ከእኛ ከተለየች ቆየች እትዬ» አለኝ። «በሥራ አልተስማማንም። ወደ ጅግጅጋ በኩል ትምህርት ቤት ልታስተምር ሄዳለች መሰለኝ።»

የሰው ልጅ ወስዶ፣ መሰለኝ አለኝ። መሰላሉን ለቅቄ ሄድኩ።

ጅግጅጋም ሰው ልከናል፤ ያወቃት የለም። ባሌ አሁን አይነዳም፤ እሱም እንደኔ በር በሩን ያያል። ልጄ ረጅም ናት፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፣ የእጅ ጽሑፏ የታተመ ይመስላል። ይህን ከምታነቡት መካከል ያያት ወይም ያስተማረችው ሰው ካለ፣ የት እንዳለች እባካችሁ ንገሩኝ።